ጥያቄና መልስ፦ ልጅ ሆነው ለወለዱ

አዲስ አበባ ውስጥ በአዋላጅ ነርስነት እሠራለሁ። ገና በልጅነታቸው ስለወለዱ እናቶችና አባቶች ከጠየቃችሁኝ ውስጥ የተወሰኑትን ልመልስ።

«17 ዓመቴ ነው። አባትየው ስልኩን ዘግቷል። ያለ እሱ ልጄን ማስመዝገብ እችላለሁ?»

ትችያለሽ እህቴ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠሽን የልደት ማሳወቂያ ይዘሽ ወረዳ ወሳኝ ኩነት ሂጂ። ጊዜው ከተወለደ ጀምሮ 90 ቀን ነው። ቀለብን በተመለከተ፣ አለመጋባታችሁ ከግዴታው አያወጣውም። ቢክድም ፍርድ ቤት አባትነቱን ሊወስን ይችላል። የጻፈልሽን መልእክቶች እንዳታጠፊ። ተናደው ሁሉንም የሚሰርዙ ብዙ ናቸው።

«ልጄ ወልዳ ቤቴ ናት። ስታለቅስ ትውላለች። ሕፃኑን እቀፊው ስላት ፊቷን ታዞራለች። ጥጋብ ነው ወይስ በሽታ?»

ጥጋብስ አይደለም እናቴ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ ያለ ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይዘዋት ይምጡ። ራሴን ወይም ሕፃኑን እጎዳለሁ ካለች ደግሞ ዛሬውኑ፤ ለደቂቃም ብቻዋን አይተዋት። ሌሊት ካጠባች በኋላ ሕፃኑን እርስዎ ይያዙትና ትተኛ። ገንፎውን ያቅርቡላት፣ «ያኔ ስነግርሽ» የምትለዋን ግን ይዋጧት። አራስ ጥየቃ ብሎ ወቀሳ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ካለም ከበር ይመልሱት። እኔ ካየኋቸው ቶሎ ያገገሙት ቤታቸው ውስጥ ሰላም ያገኙት ናቸው።

«እያጠባሁ ላረግዝ እችላለሁ?»

አዎ። ማጥባት የሚከላከለው ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባና የወር አበባሽ ሳይመለስ ነው። አንዱ ከጎደለ አትተማመኚበት። ክንድ ላይ የሚቀበረው የእርግዝና መከላከያ ለምታጠባም ይሆናል፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

«20 ዓመቴ ነው፣ አባት ሆኛለሁ። ሥራ የለኝም። ምን ላግዝ?»

እጅ አለህ አይደል? ዳይፐር ቀይር፣ ልብስ እጠብ፣ ክትባት አንተ ውሰደው፦ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወሩ ለኩፍኝ። አባት ልጅ ታቅፎ ሲመጣ ተራ የሚለቁለት አሉ። ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን ተጠቀምበት።

«ትምህርቴን ልቀጥል ነው። ጡቱስ?»

ጎበዝ! ወተትሽን አልበሽ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አስቀምጪ። ሙቀት በሌለበት ቦታ ያለ ፍሪጅ ከታለበ በኋላ ቢበዛ ለ4 ሰዓታት ይቆያል። የሚጠብቀው ሰው በጡጦ ሳይሆን በስኒ ይስጠው፤ ስኒ ለማጠብ ይቀላል።