11 ሜትር ላይ የተቸነከረው ሽፋን

ጥያቄ፦ በጀልባ ላይ በተተከለ ባለ 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ላይዳር (የሌዘር ብርሃን ልኮ ተመልሶ የሚመጣበትን ጊዜ በመለካት ጥልቀትን በሚያውቅ መሣሪያ) የባሕር ዳርቻ ውኃ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶችን እናጠናለን። በሄድንበት ሁሉ 11 ሜትር ጥልቀት ላይ ስስና ደብዛዛ ሽፋን ይታያል። ከዚያው ጥልቀት በጠርሙስ ቀድተን ካጣራነው ውኃ ማጣሪያው ላይ የቀረው ቅንጣት ክብደት ግን ከ8 ሜትሩ አይለይም። የቱን እንመን?

መልስ፦ ጠርሙሱን ይመኑ። የደለልም ሆነ የአልጌ ሽፋን ከውኃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ወንዝ ከሚገባበት ድፍርስ አንሥቶ እስከ ጥርት ያለው ውኃ ድረስ በአንድ ጥልቀት ጸንቶ አይቆይም። እንዲህ ያለው ግትርነት የመሣሪያ ጠባይ ነው። እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ከብርሃን መቀበያው ወደ ምልክት መዝጋቢው የሚሄደውን ገመድ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ብርሃን በውኃ ውስጥ በአንድ ናኖሰከንድ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ጉዞው ደርሶ መልስ ስለሆነ አንድ ናኖሰከንድ 11 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይሆናል። የእርስዎ 11 ሜትር እንግዲህ ከውኃው ገጽ ነጸብራቅ 100 ናኖሰከንድ ዘግይቶ የመጣ ምልክት ነው። በተለመደው ኮአክሲያል ገመድ (እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ገመድ ባለው) ውስጥ ደግሞ ምልክት አንዱን ሜትር በ5 ናኖሰከንድ ያህል ያልፋል። ከብርሃን መቀበያው እስከ መዝጋቢው ያለው ገመድ 10 ሜትር ነው ቢሉኝ አልደነቅም። ኃይለኛው የገጹ ምልክት መዝጋቢው ዘንድ ሲደርስ በከፊል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መቀበያው ጋር ደርሶ እንደገና ይመጣል። 20 ሜትር ገመድ፣ 100 ናኖሰከንድ።

ገመዱን በ5 ሜትር ይተኩት። ሽፋኑ ወደ 5 ሜትር ተኩል ከፍ ካለ ሌባው ተያዘ። የመዝጋቢው መግቢያ የኤሌክትሪክ መቋቋም ከገመዱ ጋር ከሚስማማው 50 ኦም ይልቅ 1 ሜጋኦም ላይ ተረስቶ ቢሆን ኖሮ በ22 እና በ33 ሜትርም ማስተጋባቱ በጉልህ ይደጋገም ነበር። የእርስዎ አንድና ደካማ ስለሆነ የገመዱን ማገናኛዎች ፈትተው ውስጣቸውን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። እኔም በአንድ ወቅት ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ያለ «ሽፋን» ሳሳድድ ከርሜ፣ ያገኘሁት የባሕር ጨው ያበቀለውን፣ በጥፍር የሚፋቅ አረንጓዴ ዝገት ነው።

ገመዱ ተቀይሮም ሽፋኑ ንቅንቅ ካላለ ጥርጣሬው ወደ ፎቶመልቲፕላየሩ (ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ወደሚለውጠው የመቀበያው ቱቦ) ይዞራል፤ በቱቦው ውስጥ የቀረ ጋዝ ከብርቱ ብርሃን በኋላ ዘግይቶ የሐሰት ምልክት ይሰጣል። ሰው በማይደርስበት ስፍራ፣ የዓይን መከላከያ አድርገው፣ ጨረሩን ወደ ግድግዳ ይልቀቁት። ከግድግዳ ጀርባ ባሕር የለም፤ ሽፋኑ እዚያም ከታየ ጥፋቱ የቱቦው ነው። ያን ጊዜ ላይዳሩን ከቁልቁል መስመር ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል የገጹን ነጸብራቅ በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ጠርሙሱን ይመኑ ያልኩት ግን ማጣሪያውን ከመድረቁ በፊት ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ከሆነ ነው። በማጣሪያው ላይ የቀረ 1 ሚሊ ሊትር የባሕር ውኃ ሲደርቅ 35 ሚሊ ግራም ያህል ጨው ይተዋል፤ ከአንድ ሊትር ውኃ የምትይዙት ቅንጣት ግን ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ሊሆን ይችላል። ካልታጠበ በ8 ሜትርም በ11 ሜትርም የመዘናችሁት ጨው ነው።