መልስ፦ «ቀላል» የተባለ የእግር መንገድ ጉልበቷን ለሚያማት እናቴ ይሆናል?

ከርዝመቱ በፊት ዳገቱን እይ። ሜዳ ላይ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምርበት። የናይስሚዝ ስሌት ይሉታል። ለጠንካራ ተጓዥ የተሠራ ስለሆነ ለእናንተ እጥፍ አድርገው።

የምትሄዱበት ጥብቅ ቦታ ካርታ ላይ ሁለቱም ዓይነት መንገድ ካሉ፣ ዞሮ መነሻው ላይ ከሚገጥመው ይልቅ በሄዱበት የሚመለሱበትን ምረጥ። እናትህ ሲደክማቸው እዚያው ዞሮ መመለስ ነው። የዙሩን መንገድ አንዴ ካጋመስከው ግን መመለሱም መቀጠሉም ያው ነው።

ደግሞ ጉልበትን ይበልጥ የሚያሰቃየው ቁልቁለቱ ነው። እኔ ራሴ አንዴ ዳገቱን እየሳቅኩ ወጥቼ፣ ስወርድ የሰው ትከሻ ተደግፌ ነው የደረስኩት። ምርኩዝ ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ መንገድ ላይ የሚገኘው እንጨት ብዙውን ጊዜ የበሰበሰ ነው።