ዋጋውን ከመቀነስሽ በፊት ኢሜይሉን አስተካክዪ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ቦሌ ውስጥ ትንሽ ጂም ከከፈትሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። ደንበኞችሽ አብዛኞቹ የቢሮ ሠራተኞች ስለሆኑ የምትገናኙት በኢሜይል ነው። ከ46ቱ ዘጠኙ በሁለት ወር ውስጥ ድምፃቸውን አጥፍተው ቀርተዋል። ወርሃዊ ክፍያውን ከ3,500 ወደ 2,800 ብር ላውርድ ወይ ትያለሽ። የቤት ወጪ በየጊዜው ከጂሙ ካዝና ይወሰዳል፤ እናትሽ ደግሞ «ይሄን ዝላይ ትተሽ ባንክ ግቢ» ይሉሻል። የአሰልጣኝነት ሰርተፍኬት ልጨምር ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ዋጋውን አትንኪ። አሁን ያሉት 37 ሰዎች በ3,500 ሲከፍሉ 129,500 ብር ነው። የቀሩት ዘጠኙ በሙሉ ተመልሰው 46ቱም በ2,800 ቢከፍሉ 128,800 ይሆናል። ዘጠኝ ሰው ጨምረሽ እያሠራሽ 700 ብር ጎደለሽ ማለት ነው። ይህን የሂሳብ ምሩቅ ሳትደምረው መቅረቷ ትንሽ አናዶኛል።

ችግሩ ያለው አያይዘሽ የላክሽልኝ ኢሜይል ላይ ነው። ርዕሱ «ማስታወቂያ»፣ መነሻው «ውድ ደንበኞቻችን» ይላል። ውስጡ የክፍያ ማሳሰቢያ፣ አዲሱ የዙምባ ሰዓት፣ በበዓል የምትዘጊበት ቀንና «ጠፋችሁብን» ተጨናንቀውበታል። «ውድ ደንበኞቻችን» የውኃ ቢል ነው የሚመስለው፤ ለውኃ ቢል ደግሞ ማንም መልስ አይጽፍም። «እናንተ» ሲባልም ተቀባዩ ነገሩ ለሌላ ሰው ነው ብሎ ያልፈዋል። አራት ጉዳይ የታጨቀበትን ኢሜይል «በኋላ አየዋለሁ» ይልና እዚያው ይቀበራል። ከሁሉ የከፋው የ46ቱንም አድራሻ «ቱ» (ተቀባይ) የሚለው ላይ ደርድረሽ ማን ማን ጂም እንደሚመጣ ለሁሉም ማሳየትሽ ነው። ለብዙ ሰው መላክ ግድ ሲሆን «ቱ» ላይ የራስሽን፣ «ቢሲሲ» (አድራሻው ለሌሎቹ ተቀባዮች የማይታይበት መስመር) ላይ የእነሱን አስገቢ።

ለቀረ ሰው ግን በጅምላ አይጻፍም። ይህን እይው፦

ርዕስ፦ ማክሰኞ ጠዋት ወይስ ሐሙስ ማታ?
«ወ/ሮ እገሊት፣ እንደምን ሰነበቱ? ሁለት ሳምንት አላየሁዎትም። ጉልበትዎን አሞዎት ስለነበር ስኳት የሌለበት የ35 ደቂቃ ሥራ አዘጋጅቻለሁ። ማክሰኞ ጠዋት 12:30 ይሻልዎታል ወይስ ሐሙስ ማታ 12:00? አንዱን ብቻ ይጻፉልኝ።»

ርዕሱ ያጠረው ረጅሙ ስልክ ላይ ስለሚቆረጥ ነው። የጉልበቱ ነገር ርዕስ ላይ ያልገባው፣ ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ስክሪኑን ጎረቤትም ስለሚያነበው ነው። «መቼ ይመችዎታል?» ብትያት ፕሮግራሟን ገልጣ ማየት ይኖርባታልና ለነገ ታሳድረዋለች፤ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግን ታክሲ ውስጥም ይቻላል። «ለምን ቀሩ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሰበብ ታስፈጥሪያታለሽ፣ ሰበብ የሰጠ ሰው ደግሞ ለመመለስ ያፍራል። የውጭ ዜጋ ለሆነ ደንበኛ 12:30 እኩለ ቀን ነውና «6:30 ኤኤም» ብለሽ ጻፊ፤ ቀኑንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርጊለት።

አንድ ቀን ለቀረ አትጻፊ። ሁለት ቀጠሮ በተከታታይ ካለፈው በማግስቱ ላኪ፤ አራት ቀን ዝም ካለ ደውዪ። በላዩ ላይ ሌላ ኢሜይል ከደረብሽበት ብድር የምታሳድጂ ትመስያለሽ። የክፍያ ማሳሰቢያ ለብቻው፣ ከመክፈያው ቀን 5 ቀን ቀድሞ ይሂድ፦ መጠኑ፣ የመጨረሻው ቀን፣ የቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብ ቁጥር፤ ሌላ ምንም አይጨመርበት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ «ከፋሲካ በኋላ» ብሎ የወጣ ሰው እንደወጣ ይቀራል። ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ለጿሚዎቹ ጻፊና የጠዋቱን ሰዓት ወደ ማታ 12:00 አዙሪላቸው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በልቶ ይደርስበታል።

ስለ እናትሽ ፊት ለፊት ልንገርሽ። ባንክ የሚሉሽ ጂሙን ጠልተው አይመስለኝም፤ ከአንቺ የሚያገኙት ገንዘብ ቀንም ልክም ስለሌለው ነው። ካዝናው ግን የቤቱ አይደለም። ለራስሽ ቋሚ ደሞዝ ቁረጪና ለቤት የምትሰጪውን ከእሱ ላይ ስጪ። በስድስት ወር ውስጥ ጂሙ ያንን ደሞዝ ካልከፈለሽ እናትሽ ልክ ናቸው። (ከደሞዝ የራሴን ቢሮ የመረጥኩ ሰው ነኝና ወደ ጂሙ ሳደላ ካየሽኝ ከዚያ ነው።) ሰርተፍኬቱ ይቆይ፤ የቀሩት ሰዎች ስለ ወረቀትሽ አልጠየቁሽም።

ለዘጠኙ በአንድ ቀን አትጻፊ፤ በቀን ለሦስት ይበቃል፣ ሰዓቱንም አፈራርቂ። ሁሉም እሺ ካሉ ማክሰኞ 12:30 ላይ ዘጠኝ ሰው በር ላይ ይቆምብሻል።