ጌድኮምን በፓይተን ወደ ኤክስኤምኤል ስትቀይር «ኢግኖር»ን እንዳትነካ

ወንድሜ፣ የዘር ሐረግ ፋይልህን ከጌድኮም (GEDCOM፣ የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች የሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነት) ወደ ኤክስኤምኤል (XML፣ መረጃን በታግ ማለትም በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት መሃል የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የሚቀይረው የፓይተን ስክሪፕትህ መሃል ላይ «ዩኒኮድ ዲኮድ ኢረር» (ባይቱን ወደ ፊደል መመለስ አልተቻለም) ብሎ እንደሚቆምብህ ጽፈሃል። ከላይ የመለሱልህ ደግሞ «ኢረርስ»ን «ኢግኖር» (errors='ignore'፣ ማንበብ ያቃተህን ዝለለው) አድርገው ብለውሃል። እባክህ እንዳታደርገው! እኛ ቤት ይህን ያደረገው ገንዘብ የተከፈለው ባለሙያ ነው።

1. አንዱን ታግ በሌላው ውስጥ መክተቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ መስመር በደረጃ ቁጥር ይጀምራል። የተከፈቱትን ታጎች በሊስት ያዝ። አዲሱ ቁጥር ከበለጠ ወደ ውስጥ ግባ፣ እኩል ከሆነ ወይም ካነሰ እስከዚያ ደረጃ ያለውን ዝጋ። እዚህ ድረስ ያለፍክ ይመስለኛል።

2. ፋይሉን በ«አርቢ» (rb) ክፈት፣ ማለትም ባይቱን (ኮምፒውተሩ ፊደልን የሚያስቀምጥበትን ቁጥር) እንዳለ አንብብ። ጌድኮም 5.5.1 አንድ መስመር ከ255 ካራክተር እንዳይበልጥ ስለሚል ፕሮግራሞች ረጅም ማስታወሻ ይቆርጡና ቀሪውን «ኮንክ» (CONC) በሚል መስመር ያስቀጥላሉ። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ስልት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ፕሮግራሙ ካራክተር መቁጠሩን ትቶ ባይት ከቆጠረ ፊደሉን መሃል ለመሃል ሊሰነጥቀው ይችላል። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ስለሆነ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች ይህ አይገጥማቸውም። «ኢግኖር» ካልከው ሁለቱንም ስንጣሪ ይጥላል፤ መጣሉንም አይነግርህም።

አያቴ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጠሩን ሁሉ በአንድ ረጅም ማስታወሻ ተጽፎ ነበር። ባለሙያው ቀይሮ አስረከበን፣ ለሙት ዓመታቸው አሳትመን ለዘመድ አደልን። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ስታነብ «ወልደ ማያም ደግሞ ማነው?» አለች። ወልደ ማርያም ናቸው፤ «ር» የለችም። ባለሙያው ጋ ስደውል «ፎንታችሁ ነው» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ፎንት ቢሆን ኖሮ ባዶ ሳጥን ይታይ ነበር እንጂ ግራና ቀኙ እንዲህ ተገጣጥሞ አይቀመጥም። የሰው ቅድመ አያት ስም እኮ ነው!

ከዚያ ራሴ ተቀመጥኩበት። የ«ኮንክ»ን ባይት ከበላዩ መስመር ጫፍ ጋር ያለ ክፍተት አጣብቄ፣ ዲኮድ ማድረጉን መጨረሻ ላይ አመጣሁት። አንዲት ፊደል አልጎደለችም፣ አክስቴም ከዳር እስከ ዳር አንብባ መርቃኛለች። ስታጣብቅ ዝም ብለህ «ስትራይፕ» አትበል፤ በቃላት መሃል ያለውን ክፍተት ይበላብሃል። የመስመር መጨረሻውን ምልክት ብቻ አንሳ። ፕሮግራምህ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጌድኮም 7.0 ፋይል ማውጣት ከቻለ ደግሞ ተገላገልክ፤ እዚያ «ኮንክ» ቀርቷል፣ ዩቲኤፍ-8ም ግዴታ ሆኗል።

3. ስም ላይ ተጠንቀቅ። ጌድኮም በሁለት እዝባር (/) መሃል ያለውን የቤተሰብ መጠሪያ ነው ብሎ ይወስዳል። የእኛ የአባት ስም ግን በየትውልዱ ይለወጣል፤ ስክሪፕትህ በእሱ ካቧደነ አባትና ልጅ ባዕድ ሆነው ይወጣሉ። «ፋምሲ» (FAMC፣ ሰውየው ልጅ የሆነበት ቤተሰብ) እና «ፋምኤስ» (FAMS፣ ባል ወይም ሚስት የሆነበት ቤተሰብ) የያዙትን መለያ ብቻ ተከተል። ሁለት ጊዜ ያገባ ሰው ሁለት ቦታ ስለሚመጣ ሙሉ መረጃውን አንዴ ጻፍ፣ በሁለተኛው ቦታ መለያውን ብቻ አስቀምጥ።

አሁንም ካስቸገረህ የሚቆምበትን መስመርና ከሥሩ ያለውን «ኮንክ» እዚህ ለጥፍልኝ፣ አየዋለሁ። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም ግን አስቀድመህ አጥፋ።