ዘይቱ ተንሳፎ ቀርቶ ነው

ጥያቄ፦ የጓሮዬን ጎመን ክሽክሽ ወረረው። የጠጅ ሳር ዘይት ገዝቼ 2 የሾርባ ማንኪያ በ1 ሊትር ውኃ በጥብጬ እኩለ ቀን ላይ ረጨሁት። መጀመሪያ የረጨሁት መደብ ላይ ክሽክሹ ምንም አልሆነም፤ መጨረሻ የረጨሁት ግን ቅጠሉ ተቃጠለ። ጥቂት ቅጠሎች ደግሞ ከጠርዛቸው ወደ ውስጥ ቢጫ እየሆኑ ነው። ዘይቱን ልጨምርበት?
(ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እባክዎ አይጨምሩ፤ አሁንም በዝቷል። የመርጫው ቱቦ የሚስበው ከሥር ነው፣ ዘይት ደግሞ ይንሳፈፋል። የፊተኛው መደብ ያገኘው ውኃ ብቻ ነው፤ የኋለኛው ላይ ያረፈው ዘይቱ ራሱ ነው።

ለ1 ሊትር 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። መጀመሪያ በትንሽ ጠርሙስ ዘይቱን ከ1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር ያዋሕዱ፤ ጥቂት ለብ ያለ ውኃ ጨምረው ወተት እስኪመስል ይናጡት፤ ከዚያ በቀሪው ውኃ ይሙሉት። ላዩ ላይ የዘይት ክብ ከታየ አልተዋሐደም። ሲረጩም በየመሐሉ ይነቅንቁት። ሳሙናው ሌላም ጥቅም አለው፤ የጎመን ክሽክሽ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሰም ስለሚለብስ ባዶ ውኃ ይንሸራተትበታል።

ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይርጩ። ፀሐዩ ይበርዳል፣ ንቦችም ወደ ቀፏቸው ይመለሳሉ። ክሽክሹ የሚሰፍረው ከቅጠሉ ሥር ነውና ቅጠሉን ገልብጠው ያርሱት፤ ዘይቱ የሚሠራው የነካውን ብቻ ነው። አስቀድመው ግን 3 ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። ዘይቱ ቶሎ ይተናል፣ ያመለጠችው ክሽክሽም ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ስለዚህ በ5ኛው ቀን ይድገሙ። ቀይ ሆነው ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ጥንዚዛዎች ካዩ ያንን ተክል ይለፉት፤ ክሽክሹን እየበሉልዎት ነው።

ቢጫው ግን የክሽክሽ ሥራ ላይሆን ይችላል። ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ጫፉ ወደ መሐል አጥንቱ ካመለከተ፣ የቅጠሉ ደም ሥሮችም ከጠቆሩ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። የጦስኝ ወይም የጠጅ ሳር ዘይት የነካውን ባክቴሪያ ሽፋኑን አፍርሶ ይገድላል፤ ይህኛው ግን በተክሉ የውኃ ቧንቧ ውስጥ ስለሚሄድ ዘይቱ አይደርስበትም፤ ቅጠል ማራስ ጭራሽ ያዛምተዋል። የታመመውን ነቅለው ያቃጥሉ፣ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣሉት። ዘርም አይያዙበት፤ በዚያ መደብ ቢያንስ ለ2 ዓመት ጎመን፣ ጥቅል ጎመንም ሆነ ጎመን ዘር አይትከሉ።

መርጫውን ጣና ዳር ወይም ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አይጠቡት። የተፈጥሮ ዘይት ቢሆንም ለዓሣ መርዝ ነው፤ እጣቢውን ከውኃው ራቅ ባለ ደረቅ መሬት ላይ ያፍስሱት።