ለእህቴ ሦስት ጊዜ የሠራሁት ዌብሳይት

እህቴ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አላት። ስምንት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ። እኔ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ወደ ሐረር የሚያልፈው ቱሪስት ጎግል ላይ ፈልጎ እንዲያገኛት ዌብሳይት ልሥራላት አልኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኝ በሦስተኛው ቆመ። እናንተም ለቤተሰብ ሱቅ ወይም ለሰፈር ማኅበር ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ እኔ የከፈልኩበትን ስህተት በነጻ ውሰዱት።

የመጀመሪያውን በገንዘብ አሠራሁት። እዚሁ ያለ አንድ ባለሙያ አሳምሮ ሠራው። ዶሜኑን (ሰው ሳይቱን የሚከፍትበትን መጠሪያ) ግን በራሱ ስም ነበር ያስመዘገበው። ከዓመት በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ። ዶሜኑ ሳይታደስ ቀረ፣ ሳይቱም አብሮት ጠፋ። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ዶሜኑ በእናንተ ወይም በቤተሰባችሁ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ። ሌላው ቢበላሽ ይስተካከላል።

ወደ ሲኤምኤሱ ስንመጣ፣ ኮድ ሳይነኩ ጽሑፍና ፎቶ የሚቀይሩበት ሥርዓት ማለት ነው። ብዙዎቻችን የምንመርጠው ለራሳችን ነው፤ እኛ የለመድነውን፣ ለእኛ የቀለለንን። እኔ ጋ እኩለ ሌሊት ሲሆን ድሬ ረፋዱ ላይ ነው። የክፍል ዋጋ መቀየር ቢኖርበት ማን ይቀይረዋል? እህቴ ናት፣ በስልኳ፣ እንግዳ ቆሞ እየጠበቃት። መመረጥ ያለበት ለእሷ ነበር።

እኔ ዎርድፕረስን መረጥኩ። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፣ በነጻ ይገኛል፣ ከዓለም ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩት በእሱ ነው። ይህ ቁጥር ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፦ እኔ ባልኖር የሚያውቀው ልጅ ድሬም ይገኛል። የስልክ አፕም አለው። ድሩፓል ጠንካራ ነው፤ ግን ፕሮግራመር ለሌለው ቤት አልመክርም። ጁምላ መሀል ላይ ነው፣ እሱንም እለፉት። እንደ ዊክስ ያሉት ሁሉን በአንድ ቦታ ስለሚያቀርቡ ለጀማሪ ይቀላሉ። ሆኖም ሳይቱን እንዳለ አንስታችሁ ሌላ ሆስቲንግ (ሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) ላይ መትከል አትችሉም። ቤት ተከራይቶ ግድግዳ እንደ ማሳደስ ነው። ዎርድፕረስ ራሱ ሁለት ዓይነት መሆኑን አትርሱ፦ ኩባንያው አስተናግዶ የሚያስከፍልበትና እናንተ የራሳችሁ ሆስቲንግ ላይ የምትጭኑት። እኔ የምለው ሁለተኛውን ነው።

ሲኤምኤሱን በትክክል መርጬም ሁለተኛው ሳይት የተበላሸው በቴሙ ነው። ቴም የሳይቱ ልብስ ነው። ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁት ቴም ማሳያው ላይ ቪዲዮ ይንቀሳቀሳል፣ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ይታያል፣ ፎቶው ያፈዛል። ፎቶው ግን የሌላ ሰው ነው። የእህቴን የብረት በርና የግቢ ወንበር ስንከትበት ያ ሁሉ ውበት ጠፋ። እሷ ስልክ ላይ ደግሞ ነገሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይከፈትም። ሳፋሪኮም በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ከተማ ድሬ ነበረች፤ እንኮራለን። ፓኬጅ ግን አሁንም ብር ነው። ቪዲዮ የሚያወርድ መግቢያ ገጽ የእንግዳውን ዳታ ይበላል።

ከዚያ አማርኛው መጣ። ቴሙ የተሠራው ለላቲን ፊደል ስለሆነ ፎንቱ ውስጥ የእኛ ፊደል የለም። ስልኩ ያገኘውን ይተካና ቁጥሩ ሌላ፣ ፊደሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ርዕሶቹ ሰፋ ተደርገው እንዲጻፉ ስለታዘዘ «ድ ሬ ዳ ዋ» ተብሎ ተበታተነ። መስመሮቹም ተጠጋግተው ፊደል በፊደል ላይ ወጣ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነጻ ፎንት መጫን፣ የመስመሩን ርቀት መጨመር፣ የፊደል ማራራቂያውን ማጥፋት። ቴም ስትመርጡ ማሳያውን አትመኑ። አንድ አንቀጽ አማርኛ ለጥፉበትና ርካሽ ስልክ ላይ ክፈቱት። አሁን የምጠቀመው ከዎርድፕረስ ጋር በነጻ የሚመጣውን ነው፤ እንዳጋጣሚ ከሁሉም የቀለለው እሱ ሆነ። የተሰረቀ ቴም የሚያድሉ ቦታዎችንም ታገኛላችሁ። በር የተከፈተ ቤት ነው፤ ማን እንደሚገባበት አታውቁም።

አንድ ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ ዎርድፕረስ የገጹን አድራሻም (ሊንኩን) በአማርኛ ያደርገዋል። አድራሻው ኮፒ ሲደረግ ግን እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል። «ድሬዳዋ» ብቻውን 36 ቁምፊ ነው። ለአድራሻው የተሰጠው ቦታ ደግሞ 200 ቁምፊ ላይ ያበቃል፤ ከሃያ ምናምን ፊደል በላይ ያለው ርዕስ ይቆረጣል። መጀመሪያ በቴሌግራም የላክሁላትን ሊንክ እህቴ «ቫይረስ ነው እንዴ?» ብላ ሳትከፍተው ቀረች። አሁን ርዕሱ በአማርኛ፣ አድራሻው በአጭር ላቲን ነው።

ክፍያውን እናንተ ያዙት። ሆስቲንግ በዶላር ነው፤ አገር ቤት ያለ ካርድ ብዙ ጊዜ አይሠራም። የመጀመሪያው ዓመት ርካሽ ይሆንና ሲታደስ ዋጋው ይዘላል፤ ስትገዙ የእድሳቱን ዋጋ አንብቡ። ፓስወርዱ ግን ሁለታችሁም ጋ ይኑር። ለእህቴ የሰጠኋት ጽሑፍና ፎቶ መቀየር የሚያስችለውን የኤዲተር መብት ነው። ፕለጊን (ሳይቱ ላይ አዲስ ሥራ የሚጨምር ቅጥያ) እና ቴም መንካት አትችልም። መጀመሪያ ተቀይማ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሳይቱን ስከፍት፣ ድሬ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከባቡሩ ጋር እንዴት እንደተቆረቆረች ያተትኩበት ረጅም ጽሑፍ የለም። በቦታው የፈጢራና የሻይ ዋጋ ገብቷል። ደወልኩላት።

«አቦ ማን ያነበዋል?» አለችኝ።