እማዬን አዲስ አበባ ልውሰዳት ወይስ እዚሁ ጎንደር ላስታምማት?

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። ከአዘዞ ነው የምጽፍላችሁ። እማዬ 68 ዓመቷ ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጠዋት ከአልጋ ልትነሳ ስትል ወደቀች፣ ቀኝ እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት አንደበቷም ተያዘ። ሆስፒታል ስንወስዳት ስትሮክ ነው አሉን። ግፊት ነበረባት፣ መድሃኒቱን ግን ሻል ሲላት ትተወው ነበር። አሁን ቤት ነን፣ ሁለት ወር ሊሞላት ነው። የምናስታምማት እኔና ታናሽ እህቴ ነን፣ እኔ ሱቅ አለኝ እሷ ደግሞ ተማሪ ናት። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን በየቀኑ እየደወለ "እዚህ ሰው ስትሮክ ሲመታው ነርሲንግ ሆም (ሕሙማንና አረጋውያን የሚታዩበት ቤት) ገብቶ ሪሃብ (ተሃድሶ) ይሰራል፣ አዲስ አበባም እንደዛ ያለ ቤት አለ አሉ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ ውሰዷት" ይለናል። ጎረቤቱ ደግሞ "እናታቸውን መጦሪያ ጣሏት" ሊለን ነው። እማዬ ብዙ ታለቅሳለች፣ ለምን እንደሆነ አይገባንም፣ ጾሙ ከገባ ወዲህ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም ብላ አፏን ትዘጋለች፣ መድሃኒቱም እየቀረ ነው። እኛም ደክሞናል። ምን ይሻላል?
ሰ. ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ከወንድምሽ ልጀምር፣ እሱ የሚለው ነገር ውሸት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከሆስፒታል የወጣ አዛውንት ነርሲንግ ሆም ገብቶ ፊዚዮቴራፒ (ሰውነትን በእንቅስቃሴ የሚያክም ሕክምና) ይሰራል፣ ለሪሃብ የሚገባው ሰው ግን ለጊዜው ነው የሚገባው። ሜዲኬር የሚባለው የመንግስት ኢንሹራንስ ራሱ ቢያንስ 3 ቀን ሆስፒታል ለተኛ ሰው ቢበዛ እስከ 100 ቀን ድረስ ነው የሚሸፍነው፣ ሙሉ ለሙሉ የሚከፍለው ደግሞ የመጀመሪያውን 20 ቀን ነው፣ ሀሳቡ ሰውየው ሰርቶ ጠንክሮ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው። እኛ ጋ መጦሪያ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው እንደ መቄዶንያ ያለው ነው፣ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚያነሳ በጎ አድራጎት፣ የጎረቤትሽም ሀሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ ለሕክምና ማስገባት መጣል አይደለም፣ በዚህ በኩል ልብሽ ይረፍ።

ግን እኔን ከጠየቅሽኝ እነዚህን ወራት እዚሁ ጎንደር ብትቆዩ ነው የምመርጠው። እናትሽ አንደበታቸው ተይዟል፣ ራበኝ ወይም አመመኝ ማለት አልቻሉም፣ እንዲህ ያለ ሰው ፊቱን አይቶ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ካልኖረ በጣም ይቸገራል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እናንተም በየሳምንቱ ልትመላለሱ አትችሉም። ሰውነት ከስትሮክ በኋላ ፈጥኖ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው (ከዛም በኋላ መሻሻሉ አይቆምም፣ ይዘገያል እንጂ) እና ሁለቱ ወር ሊያልፍ ስለሆነ ቦታ ስትመርጡ ቀን አታቃጥሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት የሚያሰለጥን ነው፣ ሆስፒታሉም ክፍሉ አለው፣ ዩኒቨርሲቲው ቤት ለቤት የሚሄድ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራምም ስላለው እናንተ ቀበሌ ይደርስ እንደሆነ ጠይቂ። ወንድምሽ ሊልክ ያሰበውን ብር በከፊል ለቤት ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት፣ በከፊል ቀን ቀን ለምታግዛችሁ ሴት ያርገው። እሱ አጠገባችሁ ስለሌለ ጭንቀቱ ነው እንዲህ የሚያናግረው፣ ፊዚዮቴራፒ ሲሰሩ ቪዲዮ ኮል አርጉለትና ይያቸው፣ እናትሽም የልጃቸው ድምፅ ያበረታቸዋል።

የግድ አዲስ አበባ ከሆነ ግን ብሩ ከመላኩ በፊት ጠይቂ፦ ፊዚዮቴራፒ በቀን ስንት ጊዜ ነው፣ ለስንት ደቂቃ፣ የሚሰራውስ ባለሙያ ነው ወይስ ረዳት? ሌሊት ነርስ አለ ወይ? መዞር የማይችሉትን በስንት ሰዓቱ ያገላብጣሉ? ምግብ ሰዓት ቤተሰብ መግባት ይችላል ወይ? ቤተሰብ ምግብ ሰዓት አይገባም የሚል ቤት ከሆነ እኔ እናቴን አላስገባም። ከሁለታችሁ አንዷም አብራ ሂዳ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እዛው ትክረም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ፊዚዮቴራፒስቱ ቢመጣም ለአንድ ሰዓት ነው፣ የቀረው ቀን የእናንተ ነው፣ እና እኛ ቤት ፍቅር ማለት ሁሉን ነገር ለእናት መስራት ስለሆነ ችግሩ እዚህ ጋ ይመጣል፣ እናጎርሳለን፣ እናለብሳለን፣ ተሸክመን ሽንት ቤት እናደርሳለን፣ እሳቸውም ምንም ሳይነኩ ይመሻል። አእምሮ የጠፋበትን መንገድ መልሶ የሚያገኘው ያንኑ ነገር ደጋግሞ በመስራት ነው፣ የማይሰራ እጅ ደግሞ እየተረሳ ይሄዳል። ስለዚህ ጊዜ ቢፈጅም ይሞክሩት። የሚያውቁትን ስራ ስጪያቸው፣ ሰፌድ ላይ ምስር ይልቀሙ፣ ጥጥ ያባዝቱ፣ ሽንኩርት ሲላጥ በደካማው እጅ ይያዙ፣ ጣታቸው ሰነፍ ከሆነ አንቺ እጅሽን በእጃቸው ላይ አርገሽ አብራችሁ ስሩ። ልብስ ሲለብሱ ደካማው እጅ ቀድሞ ይግባ፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይውጣ፣ ይቺን ብቻ ብታውቁ ግማሹ ትግል ይቀላል። ምርኩዝ ሲጀምሩ በጤነኛው እጅ ነው የሚያዘው፣ ብዙ ሰው በደካማው በኩል ያስይዛል ያ ልክ አይደለም። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ መሃሉ የተቀደደ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጡበት፣ ጎኑ ላይ የሚይዙት ብረት ይመታ።

ያንን ቀኝ እጃቸውን ደግሞ አደራ። በብብታቸው ስር ገብታችሁ ወይም እጃቸውን ስባችሁ አታንሷቸው፣ ትከሻውን የሚይዘው ጡንቻ ስለላላ አጥንቱ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ሕመሙም ወራት ይቆያል። ሲቀመጡ ከክንዳቸው ስር ትራስ ይግባ። ሰው ወጌሻ ጥሩ ይላችኋል፣ ወጌሻ በሌላ ነገር እጁ የተባረከ ሊሆን ይችላል፣ ስትሮክ የመታው ትከሻ ላይ ግን መሳብና ማሸት አይሆንም። በተኙበት በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧቸው፣ ተረከዝ፣ ዳሌና የጅራት አጥንት በኩል ስትጫኑት የማይጠፋ መቅላት ካያችሁ እዛ ላይ መልሳችሁ አታስተኟቸው፣ አትሹትም፣ ለነርስ አሳዩት።

ስለ ምግብ ረዘም አርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ከስትሮክ በኋላ ብዙ አረጋውያንን የሚወስደው የሳንባ ምች ነው፣ እሱም ምግብና ምራቅ በተሳሳተ መንገድ ወደ ሳንባ ሲወርድ ይመጣል። ሲበሉ ትን ይላቸዋል ወይ? ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው እንደ ውሃ ይንቦጫቦጫል? ምግብ ጉንጫቸው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል? አንዱ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪሙ ንገሩ። እስከዛ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው የሚበሉት፣ አገጫቸውን ዝቅ አርገው፣ በሻይ ማንኪያ ትንሽ ትንሽ፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይግባ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ። ጉርሻ ይቅር፣ ያ ትልቁ የፍቅር ጉርሻ አሁን ለሳቸው አደጋ ነው፣ ጠያቂም መጥቶ "እስቲ በእጄ ላጉርሳቸው" ሲል በትህትና ከልክሉ። ቀጭን ነገር፣ ውሃም ሻይም፣ ከወፈረ ነገር ይልቅ ቶሎ ትን ያስብላል፣ ወፈር ያለ አጥሚት የሚሻላቸው ብዙ ናቸው፣ ውፍረቱን ግን ባለሙያ አይቶ ይወስን። ፀበሉንም ቢሆን በሃይላንድ አስቀድታችሁ እንዳመጣችሁት ከማስጎንጨት በማንኪያ ስጧቸው።

ጾሙን በተመለከተ ከእናትሽ ጋር አትከራከሪ፣ አንቺ ልጅ ነሽ አይሰሙሽም። የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሪያቸው። ቤተክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም አታስገድድም፣ ይህን ከሳቸው አፍ ሲሰሙ ነው ልባቸው የሚያርፈው። ፀበልና መድሃኒት አብረው እንደሚሄዱም እግረ መንገዳቸውን ይንገሯቸው። የግፊት መድሃኒት ሲሻል የሚተው አይደለም፣ የተሻላቸው ስለወሰዱት ነው፣ አንዴ ስትሮክ የመታውን ሰው ድጋሚ የመምታት እድሉ ከሌላው ሰው የበለጠ ነው። ወጡ ላይም ጨው ቀንሱ። ድንገት ፊታቸው ከተጣመመ፣ ሌላኛው እጅ ከዛለ ወይም እንደ አዲስ ግራ ከተጋቡ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በተገኘው ባጃጅም ቢሆን ሆስፒታል ድረሱ።

አንደበታቸውን ባሰብኩ ቁጥር ልቤን ይነካኛል። ቀኝ ጎናቸው የተያዘው የግራው አእምሮ ስለተጎዳ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ ንግግርም ያለው እዛው ነው። መናገር አቃታቸው ማለት አይሰሙም ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ፊታቸው ስለሳቸው እንደ ሕፃን አታውሩ። አዎና አይ የሚባልበትን ጥያቄ ጠይቂ፣ ሁለት ነገር አሳይታችሁ ያስመርጡ፣ ቃሉን ሲፈልጉ አትቅደሟቸው ጠብቁ። ቃል አልወጣ ያለው ሰው በልጅነቱ የሸመደደውን ሳይደናቀፍ ሊለው ይችላል፣ ማታ አቡነ ዘበሰማያት ጀምሩላቸውና ቀስ ብላችሁ ተከተሉ፣ ካልጠበቃችሁት ቦታ ድምፅ ይወጣ ይሆናል። ቁጥርና የቀናት ስም፣ ድሮ የሚያውቁት መዝሙርም እንደዛው። ለቅሶው ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ስትሮክ ከመታቸው ከሦስቱ አንዱ ድብርት ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳያዝን አእምሮው ስለተጎዳ ብቻ እንባው ይመጣል። ሁለቱም መድሃኒት አላቸው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ይህን ሳትነግሪ እንዳትመለሺ።

እናንተም ስትደክሙ እየዞራችሁ ተኙ። ሌሊቱን ተካፈሉት፣ አንዷ እስከ ስምንት ሰዓት አንዷ ከዛ ወዲያ። ጠያቂ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይምጣ፣ ጠዋቱ የስራ ሰዓት ነው። "ምን ልርዳችሁ" ያለሽን ጎረቤት እንጀራ ጋግሪልን ብለሽ ቁርጡን ንገሪያት፣ ያማሽን ሰው በስራ ማሳተፍ አፉንም ያስይዛል።

ጥያቄ፦ አባቴ ዳሌያቸው ተሰብሮ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተሰርቶላቸው አሁን እዛው አንድ ማገገሚያ ቤት ናቸው። ስደውል "ና ውሰደኝ" ብቻ ነው የሚሉት፣ ሰራተኞቹ ደግሞ እንቅስቃሴ እምቢ ይላሉ ይሉኛል። ልጨክን ወይስ ላምጣቸው?
ከማራኪ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እምቢታው ሕመም ሊሆን ይችላል። ማስታገሻው እንቅስቃሴ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድሞ ይሰጣቸው እንደሆነ ጠይቅ፣ መነፅራቸውም አብሯቸው ይሁን። ቀን ደህና ሆነው ማታ የሚቀባዥሩ ከሆነ ለሐኪም ይነገር፣ እርጅና ነው ተብሎ አይታለፍ። መተኛት ግን አይሆንላቸውም፣ ጡንቻ ይከዳቸዋል፣ እግር ላይ ደም ይረጋል። ሄደህ አብረሃቸው አንድ ሙሉ ፊዚዮቴራፒ ተቀመጥ፣ እግራቸውን ምን ያህል እንዲጫኑ እንደተፈቀደም ኦፕራሲዮን ከሰራቸው ሐኪም ስማ። ከዛ ቁርጥ ያለ ነገር ንገራቸው፣ "ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት በዎከር (ይዘውት በሚራመዱት ባለ አራት እግር መደገፊያ) የደረሱ ቀን እወስድዎታለሁ" በላቸው፣ የደረሱ ቀንም ውሰዳቸው። እዚህ ቤት ደግሞ እስከዛው መደቡን ከፍ ባለ አልጋ ቀይረው፣ ዱካ ላይ እንዳይቀመጡ ክንድ ያለው ወንበር ፈልግ፣ ስጋጃውንም ከመንገዳቸው አንሳው።